ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ጣቴ ከተቆረጠ በኋላ

ፌሮ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው። አምና ግን ሥራው ኮምቦልቻ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሐረጎን እየወረድኩ ማታ እመለስ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕመሙ ነው፤ እኔ መናገር የምፈልገው ስለ ወረቀቱ ነው፣ ምክንያቱም ጣታቸውንም ገንዘባቸውንም አጥተው ዝም ብለው አገር ቤት የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ።

ብረት የምቆርጥበት ግራይንደር የዲስክ መከለያ አልነበረውም። ከስቶር ሲሰጡኝም እንደዚያው ነው። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ እየቆረጥኩ ዲስኩ ነከሰና ዘለለ፤ የግራ እጄን ሌባ ጣት ከመሀል አንጓው ወሰደው። ልጆቹ "አብሽር፣ አብሽር" እያሉ የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት። በቅንነት ነው፣ ግን አታድርጉት። ነርሷ ያንን ቡና ከቁስሉ ስታጥብ ያየሁት ስቃይ ከመቆረጡም ይብሳል። ንጹሕ ጨርቅ ጭኖ አጥብቆ መያዝና እጅን ከፍ ማድረግ በቂ ነው። የተቆረጠው ጣት ደግሞ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይታሰርና ፌስታሉ በረዶ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሥጋው በረዶ አይነካም። ይህን የሰማሁት ከሐኪሙ ነው። የእኔን ያነሳው ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ካቦው፣ የሳይቱ የሠራተኞች አለቃ፣ ቤቴ ድረስ መጣ። 5,000 ብርና አንድ ወረቀት ይዟል። "ለመታከሚያህ ነው፣ እዚህ ላይ ፈርምልኝ" አለኝ። ልፈርም ነበር፣ ወላሂ። እህቴ ተቀብላ አነበበችው፤ "በራሴ ጥፋት የተጎዳሁ ስለሆነ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም" ይላል። "ጋሼ፣ ሳንመካከር አንፈርምም" ብላ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዕለት ግራይንደሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር፤ አሠሪው በኋላ "መከለያውን ራሱ ነው የፈታው" ሲል ያዳነኝ ያ ፎቶ ነው። የፈረምኩበትን የክፍያ ሊስት ፎቶ አስነሳሁ። ሐኪሙን "በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ብለው ይጻፉልኝ" ብዬ ለመንኩት። የመድኃኒት ደረሰኝ አንዱንም አልጣልኩም።

የጽሑፍ ውል አልነበረኝም፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ለዚህ ነበር ሦስት ሳምንት ፈርቼ የተቀመጥኩት፤ ያ ትልቁ ስህተቴ ነው። የከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጣ አሳየችኝ። ውል በጽሑፍ አለመኖሩ መብት አያሳጣም። ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ሳትችል ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈልሃል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ ሆን ብለህ ራስህን ካልጎዳህ፣ ሰክረህ ካልገባህ ወይም በግልጽ የተሰጠህን የደኅንነት መመሪያ ካልጣስክ በቀር።

ቋሚ ጉዳቱን የሐኪሞች ቦርድ ነው የሚወስነው። ለእኔ 10 በመቶ ብሎ ጻፈ። የጡረታ መዋጮ አልተከፈለልኝም ነበርና ክፍያው በአሠሪው ላይ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ለተጎዳ ሰው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፣ ስለዚህ የእኔ አሥረኛው፣ ማለትም የግማሽ ዓመት ደመወዝ። ካቦው ይዞት ከመጣው ጋር እናንተው አስተያዩት።

ክሱ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተስማማን። አልሃምዱሊላህ። ግን ፎቶውን ያነሳውና የመሰከረልኝ ልጅ በሳምንቱ "ሥራ ቀንሷል" ተብሎ ተሰናበተ። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሳይት ላይ አብረን ነን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ በፒንሳ ሽቦ አስራለሁ። ግራይንደሩን ከስቶር የምናወጣው መከለያውን ሁለታችንም በእጃችን ነክተን ካየን በኋላ ነው።