ነፋሱን ሳናውቅ አልጋ አንይዝም

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጁላይ ወር መጨረሻ፣ ቤተሰቤን ይዤ በቀርጤስ ደሴት ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ለሰባት ቀን ሰንብቼ ነበር። ከሰባቱ ቀናት በአራቱ ዳርቻው ላይ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ወደ ውኃው መግባት ስለተከለከለ፣ ልጄ የመዋኛ ልብሷን እንደለበሰች አሸዋው ላይ ተቀምጣ ማዕበሉን ስትመለከት ትውል ነበር። በሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና አልነበረችም። አልጋ የያዝኩት በክፍሉ ፎቶግራፍና በዋጋው ብቻ ተመርቼ ስለነበር፣ የጠራ ሰማይ ጸጥ ያለ ባሕር ማለት አለመሆኑን የተማርኩት እዚያው ከደረስኩ በኋላ ነው። ዘንድሮ ወደዚያው ደሴት ልንመለስ ስንወስን ዕቅዱን የጀመርኩት ከሆቴል ሳይሆን ከነፋስ ነው።

ግሪኮች ይህን ነፋስ መልቴሚ ይሉታል። በበጋ ወራት በባልካን አገሮች ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ሲሰፍን፣ በፀሐይ በጋለው የቱርክ ምድር ላይ ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት አየሩን በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየነዳ ያወርደዋል። ደመናም ሆነ ዝናብ ስለማያስከትል ሰማዩን ብቻ የሚያይ ሰው አይጠረጥረውም። በተለይ በጁላይና በኦገስት ይበረታል፤ አንዴ ከተነሣም ለቀናት ሊዘልቅ ይችላል። የቀርጤስ ሰሜናዊ ዳርቻ ፊቱን የሰጠው ለዚሁ ነፋስ ነው። ደቡብ ምዕራቡን ጫፋቸው 2,453 ሜትር የሚደርሰው ነጫጭ ተራሮች ይከልሉታል፤ ሆኖም ደቡቡ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነው የሚለውን ምክር እንዳለ አልቀበለውም። ነፋሱ በጠባቦቹ ሸለቆዎች ውስጥ ተምዘግዝጎ ወርዶ ድንገት ዳርቻውን የሚገርፍበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ውኃውን ከዳር ለሚያየው ሰው የተረጋጋ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን በአየር በተነፋ መጫወቻ ላይ የተቀመጠን ሕፃን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጥልቁ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጉዞ እንዲህ ያለ መጫወቻ ይዘን አንሄድም፤ ልጄ ብታዝንብኝም በዚህ አልደራደርም።

ወሩን ለመምረጥ ሌላው መመዘኛ የውኃው ሙቀት ነው። ባሕር ከየብስ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚሞቅና ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሜይ ወር አየሩ ደስ ሲያሰኝ የቀርጤስ ውኃ ገና ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በሴፕቴምበር ግን የበጋውን ሙቀት እንዳቀፈ ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያ ወር መልቴሚ ይዳከማል፤ የመኸሩ ዝናብ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕዝቡም ይቀንሳል። ልጄ አምስት ዓመቷ ስለሆነና መደበኛ ትምህርት ገና ስላልጀመረች ሴፕቴምበርን መምረጥ ችለናል። ተማሪ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ግን ከጁላይና ከኦገስት ይልቅ ጁንን ቢያስቡ እመክራለሁ፤ ውኃው ጥቂት ቢቀዘቅዝም ነፋሱ እንደዚያ አይበረታም።

ከወሩ ቀጥሎ ቦታውን መረጥን። ካርታውን ዘርግቼ ብዙ ምሽት ካሳለፍኩ በኋላ ልቤ ያረፈው በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጥግ በምትገኘው በፓሊዮኾራ ላይ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ የተቆረቆረችው ወደ ባሕር በገባ ጠባብ ምላስ መሰል መሬት ላይ ስለሆነ ሁለት ዳርቻዎች አሏት፤ በስተምዕራብ ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ጠጠራማ ዳርቻ። ጫፉ ላይ ቬኒሳውያን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ምሽግ ፍርስራሽ ይታያል። ለእኔ ወሳኝ የሆነው ግን አንዱ ዳርቻ ሲናወጥ ሌላው ብዙ ጊዜ ጸጥ ማለቱና ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ብቻ መፍጀቱ ነው። ከኻኒያ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ወደዚያ ለመድረስ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ አቋርጦ ሁለት ሰዓት ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው መንገድ ልጄን ስለሚያጥወለውላት በመሃል አንድ ጊዜ ቆመን እንድናርፍ ወስነናል።

እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። የጉልበት ሕመም ስላለባቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ከዳር ሆኜ ዕቃ ልጠብቅላችሁ» ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ወደ ውኃው እንዲገቡ ከሁሉም አስበልጬ የምፈልገው እርሳቸውን ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር በትነት የሚያጣው ውኃ ከወንዞችና ከዝናብ ከሚያገኘው ስለሚበልጥ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘውም በጠባቡ የጂብራልታር ወሽመጥ ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋማነቱ ከፍ ያለ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በኪሎ ወደ 35 ግራም ጨው ሲይዝ የምሥራቁ ሜዲትራኒያን ወደ 39 ግራም ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሰውነትን ይበልጥ ያንሳፍፋል፤ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ ጉልበቱ የሚሸከመው ክብደት በእጅጉ ይቀልለታል። ይህን ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲያበቁ የመዋኛ ልብስ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቁኝ።

በፎቶግራፍ ዝነኛ የሆነው የኤላፎኒሲ ዳርቻ ለአንድ ቀን ብቻ ተይዟል። ሐምራዊ ቅላት ያለው አሸዋው ከደቀቁ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ዛጎሎች የተገኘ ነው፤ ቦታው በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ከአሸዋው ቆንጥሮ መውሰድ እንኳ ክልክል ነው። በበጋ ወራት ከፓሊዮኾራ ወደዚያ የሚመላለስ ጀልባ አለ። ባለቤቴ የሳማሪያን ሸለቆ በእግሯ ለመውረድ ወስናለች፤ መንገዱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሚያልቀው አጊያ ሩሜሊ በምትባል መንደር ነው። ከዚያች መንደር የሚያስወጣ የመኪና መንገድ ስለሌለ ተጓዡ የሚመለሰው በጀልባ ነው፤ ባሕሩ ከተናወጠ ደግሞ ጀልባው ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ይህን ጉዞ ከመመለሻችን ዋዜማ አርቀን በሦስተኛው ቀን ላይ አስቀምጠነዋል።

የቪዛው ጉዳይ አጭር ቢሆንም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ግሪክን ጨምሮ ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይኖርበታል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነፃ ነው። በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቪዛ ማመልከቻ ቀጠሮ ሳይይዝ የማይመለስ ገንዘብ በመክፈሉ ነው፤ እኛ መጀመሪያ ቀጠሮውን ይዘን፣ ቀጥለን ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል አልጋ ፈለግን።

ስለ ዳርቻው አንድ ነገር ልጨምር። በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ብዙ ጊዜ ቡናማ ቅጠል ተከምሮ ይታያል፤ ያለፈው ጊዜ እኔም ቆሻሻ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ፖሲዶኒያ የተባለ የባሕር ሣር ቅጠል ነው፤ ሣሩ የሚበቅለው በጠራ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ክምሩም ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ እንዳይወስደው ይከላከላል። አሁን ግን ክምሩን ሳይ ደስ ይለኛል።

አልጋ ከመያዛችን በፊት ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሦስት ጥያቄ ጽፌላቸው ነበር፤ ክፍሉ ለየትኛው ዳርቻ እንደሚቀርብ፣ እስከ ውኃው ስንት እርምጃ እንደሚሆንና ደረጃ ይኖረው እንደሆነ። ለምሥራቁ ዳርቻ እንደሚቀርብ፣ ምዕራቡም በእግር ሩቅ እንዳልሆነ፣ ፎቶግራፉን አይቼ የወደድኩት ባለ ሰገነቱ ክፍል ግን 22 ደረጃ እንዳለው በማግስቱ መለሱልኝ። ከእናቴ ጋር ተማክረን ሰገነት የሌለውን የምድር ቤቱን ክፍል መረጥን፤ ትናንት ማታም ከሴፕቴምበር 12 እስከ 21 ድረስ አልጋውን ይዘናል።