ፀሐይን ፍለጋ በኮምፒውተር
ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር ትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ገባን። ስለ ፕላኔቶች የቤት ሥራ አለበት። መጽሐፍ መፈለጊያው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ አለና «ስርአተ ጸሀይ» ብሎ ጻፈ። «ምንም አልተገኘም» አለው። ልጁ «በቃ የለም» ብሎ ሊነሳ ሲል ያዝኩት።

ማሽኑ ድምፅ አይሰማም። ለእሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ ዝምድና የላቸውም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ይህችን ሁለት ቃል ብቻ ቢያንስ በ24 ዓይነት አጻጻፍ መጻፍ ይቻላል! መዝጋቢው የትኛውን እንደመረጠ በምን ይታወቃል? የደራሲ ስምማ ባይነሳ ይሻላል። አንዱ በራሱ ስም፣ ሌላው እንደ ፈረንጅ በአባቱ ስም ይገባል።

ስለዚህ በቁጥር ሄድን። ላይብረሪው መጻሕፍቱን የሚደረድረው ለየትምህርት ዘርፉ ቁጥር በሚሰጠው በዲዊ አመዳደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው፣ ዛሬም ብዙ አገር የሚሠራበት። እዚያ ሥነ ፈለክ 520 ነው፤ ፀሐይና ፕላኔቶች 523። መደርደሪያው ጋ ስንደርስ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተገኘ። ሽፋኑ ላይ ሥርዓተ ፀሐይ በሠ፣ በዐ፣ በፀ እና በሐ ተጽፏል። የላይብረሪዋ ሠራተኛ ሳቀች፤ «እኔማ ኮምፒውተሩን ከተውኩት ቆየሁ» አለችኝ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ የተጻፈውን ቃል ከመዝገቡ ጋር ከማመሳሰሉ በፊት በሁለቱም ላይ ሞክሼዎቹን ፊደላት ወደ አንድ ይቀይራቸው፤ አለቀ። ኮዲንግ የምትችሉ ወዳጆቼ፣ ይህንን በነፃ የሚሠራላቸው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር አገናኛችኋለሁ።