የተመሰገንኩበት ሕመም

ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከስድስቱ አራቱን ታምሜ ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ ግን መታመሜን አላውቅም። ማዳሜም አታውቅም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት ድረስ እያስገባች ታሳያቸው ነበር። ምድጃውን፣ መደርደሪያውን፣ የፍሪጁን በር። «እንደ እሷ የምታጸዳ አላየሁም» ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር። ጅማ ስደውል ለእማዬም እነግራታለሁ። «ጎበዝ ልጄ» ትለኛለች።

ያልነገርኳት ሌሊቱን ነው። ጋዙን ዘግቼ እተኛለሁ። ገና ዓይኔን ስከድን «ዘግተሽዋል?» የሚል ነገር ይመጣል። ተነስቼ አያለሁ። ተዘግቷል። ተመልሼ እተኛለሁ። «በደንብ አይተሽዋል? ስታዪው ነክተሽ ከፍተሽው ቢሆንስ?» ደግሞ እነሳለሁ። አሥር ጊዜ፣ አስራ አምስት ጊዜ። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ቆጠራው ከተምታታብኝ እንደገና ከአንድ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ይጀመራል።

እጄ ደግሞ ሌላ ነው። አገር ቤት በረኪና የምንለውን እዚያ ክሎሮክስ እንለዋለን። ለወለል ነው የሚሰጡን። እኔ እጄን እታጠብበት ጀመር። በጣቶቼ መሐል ያለው ቆዳ ተሰነጣጠቀ፣ ደማ። ማዳሜ አዝና ጓንት ገዛችልኝ። ጓንቱንም አጥበዋለሁ። ማንም ሰው የቤት ሠራተኛን «ለምን ይህን ያህል ታጸጃለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ሥራዋ ነዋ። ሕመሜ በሥራዬ ውስጥ ተደብቆ አደገ።

በሦስተኛው ዓመት ማዳሜ ወንድ ልጅ ወለደች። አሁን የምጽፈውን ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። አንዳንዷ እህቴ ዛሬ በየሰው ቤት ሆና ይህንኑ ተሸክማ ሊሆን ስለሚችል ነው የምጽፈው።

ሰባተኛ ፎቅ ነበርን። አንድ ቀን ከሰዓት ሕፃኑን ታቅፌ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። እወደዋለሁ። እንደ ራሴ ልጅ ነበር የማቅፈው። ድንገት «ብትጥይውስ?» የሚል ሐሳብ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ደርቄ ቀረሁ። ወደ ውስጥ ሮጬ አስተኛሁትና እጄን እያየሁ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በረንዳ መውጣት ተውኩ። ልብስ መታጠቢያ ቤት አሰጣለሁ። ቢላዎቹን ከላይኛው መሳቢያ አውጥቼ ከታች፣ ከድስቶች ኋላ ደበቅኳቸው። ሕፃኑን የማጥበው በሩን ከፍቼ፣ ሰው ሲኖር ብቻ ሆነ። ሌሊት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያደረግኩትን በሐሳቤ እደግመዋለሁ። አልጎዳሁትም? እርግጠኛ ነኝ?

ለማን ልንገር? ፓስፖርቴ ያለው ማዳሜ ጋ ነው። የዕረፍት ቀን የለኝም። ዓረብኛዬ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው። «እንዲህ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብል እስር ቤት እንደምገባ ነበር የሚታየኝ። ራሴንም ክፉ ሰው ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

በ2012 ዓ.ም. ተመለስኩ። የኮሮና ጊዜ ነበር። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ስልክ ሲደወል የሚሰማው ድምፅ ሁሉ እጃችሁን ታጠቡ ይላል። ለእኔ መደበቂያ ሆነኝ። ሰዉ ቀስ በቀስ ሲተወው እኔ ባስኩ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ታናሽ ወንድሜ ጀሪካን ተሸክሞ ያመጣል፣ እኔ በአንድ ቀን ሁለት ጀሪካን በእጄ ላይ ብቻ እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ጀሪካኑን አስቀምጦ እጄን አየና ምንም ሳይል ወጣ። ለሁለተኛ ዙር ሊቀዳ ነበር የሄደው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

እማዬም በአቅሟ ትረዳኝ ነበር። «እማዬ፣ በሩን ቆልፌያለሁ?» «ቆልፈሻል ልጄ።» «ከሰሉ ጠፍቷል?» «ጠፍቷል፣ እኔ ራሴ ውሃ አፍስሼበታለሁ።» ይህን በቀን ሃምሳ ጊዜ። እሷ ስትመልስልኝ ለአምስት ደቂቃ አርፋለሁ። ከዚያ ጥያቄው ይመለሳል።

መጀመሪያ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ለእጄ ቅባት፣ ለድካሜ ቫይታሚን ሰጡኝ። የሌሊቱን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ ጸበል ገባን። ሰላም ነበረው፣ አልዋሽም። ግን እዚያም «ውሃው በደንብ አልነካኝም» እያልኩ ደጋግሜ መጠመቅ ጀመርኩ። ጎረቤታችን ያሉ ሙስሊም እናት ነገሩን ሲሰሙ «ይሄ ወስዋስ ነው» አሉ። ወንድማቸው ውዱእ፣ ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ፣ አልሞላልኝም እያለ ሲደጋግም ሶላቱ ያልፈው እንደነበር ነገሩን። ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ ያለ ሰው መኖሩን ሰማሁ።

ሐኪም ዘንድ የላኩኝ ግን የንስሐ አባቴ ናቸው። የበረንዳውን ሐሳብ ተናዘዝኩላቸው። በሳምንቱ ተመልሼ ያንኑ ተናዘዝኩ፣ በደንብ ያልነገርኳቸው መስሎኝ። በሦስተኛው ጊዜ ጭራሽ ተናዝዤ ስወጣ ገና ከበሩ ሳልርቅ ተመለስኩባቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ እግዚአብሔር በመጀመሪያው ሰምቶሻል። አንቺ ግን ነግረሽም አላረፍሽም። ይህ የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ይይሽ» አሉኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ጸሎቱን ተዪ አላሉኝም፣ ሐኪሙንም አልከለከሉኝም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው፣ በበሩ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ልብሱን የጣለ፣ መንገድ ላይ የሚጮህ ሰው ብቻ የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። ወረፋው ላይ የተቀመጡት ግን ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ከገጠር በበቅሎ የመጡ አባት ናቸው። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ያወራል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር የገባሁት። ቆይቼ አነሳሁት።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ስለ እጄ ጠየቀችኝ። ስለ ጋዙ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀና ሳትል፣ እንደ ተራ ነገር፣ «የማትፈልጊው አስፈሪ ሐሳብ ይመጣብሻል? ለምሳሌ የምትወጂውን ሰው ትጎጂ እንደሆነ?» አለችኝ። ትንፋሼ ቆመ። ነገርኳት። ፖሊስ አልጠራችም። ፊቷም አልተለወጠም።

«ይህ ኦሲዲ ይባላል» አለችኝ። ሙሉ ስሙ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ነው። «ሐሳቡ ሳትፈልጊ በግድ ይመጣል። ያስጨንቅሻል። ጭንቀቱን ለማስታገስ ትታጠቢያለሽ፣ ትፈትሻለሽ፣ ትቆጥሪያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ። ለጊዜው ይቀልሻል። አእምሮሽ ግን ‘ስለታጠብሽ ነው የተረፍሽው’ ብሎ ይይዛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አብልጦ ያስገድድሻል።» እንዲህ ያለ ሐሳብ ለጤነኛ ሰውም ብልጭ እንደሚል ነገረችኝ። ራክማን እና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ሰዎችን ጠይቀው፣ አብዛኛው ጤነኛ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ እንደሚመጣበት አግኝተዋል። ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን ይይዘውና ይመረምረዋል። «ያን ሕፃን ባትወጂው ኖሮ ሐሳቡ አያስፈራሽም ነበር» አለችኝ። ሶፍት ሰጥታኝ እንባዬን እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

አሥር ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ። ከ40 ነው የሚሰላው። የእኔ 29 መጣ። ከ24 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ይገርማል፣ ቁጥሩን ሳይ አልደነገጥኩም፣ ቀለለኝ። የሚለካ ነገር ከሆነ የሚቀንስም ነው ብዬ አሰብኩ።

ሕክምናው ሁለት ነው። አንዱ መድኃኒት ነው። ለእኔ ፍሎክሰቲን ታዘዘልኝ። ለድብርትም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ለኦሲዲ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል። ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሳምንት ታገሺ ተባልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቅለሽልሾኛል፣ እንቅልፌም ተዛብቷል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ «አልሠራልኝም» ብዬ ልተወው ነበር። በራስሽ እንዳታቋርጪ ብለው አስቀድመው ባያስጠነቅቁኝ ኖሮ እተወው ነበር። ለውጡን ያየሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሐሳቡ አልጠፋም። ድምፁ ቀነሰ።

ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ግን ያዳነኝ ይበልጡን እሱ ነው። ከሚያስፈራሽ ነገር ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለሽ፣ ከዚያ ሁልጊዜ የምታደርጊውን አታደርጊም። ቪክተር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ በዚህ መንገድ ስላከማቸው ሁለት ታካሚዎች ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ይሠራበታል። ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር ሆነን የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ በደረጃ ጻፍን። ከታች ያለው የብር ኖት መንካት ነበር። ከላይ ያለው ሕፃን ታቅፎ በረንዳ ላይ መቆም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ አሮጌ አሥር ብር ያዝኩ። ሄርማታ መርካቶ ስንት እጅ እንደዞረ የሚያውቀው የለም። በሁለት እጄ አሸሁት። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አለመታጠብ ብቻ ነው ሥራዬ። ልቤ መታ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ የሚቃጠል መሰለኝ። ባለሙያው በየአምስት ደቂቃው «ፍርሃትሽ ከመቶ ስንት ነው?» ይለኛል። ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ። ሰባ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሠላሳ ሆነ። አልታጠብኩም፣ ግን ወረደ። እኔ ካልታጠብኩ ጭንቀቱ እስክሞት የሚቀጥል ነበር የሚመስለኝ። በራሱ እንደሚወርድ የማየት ዕድል ለራሴ ሰጥቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በየቀኑ የቤት ሥራ ነው። የባጃጅ እጀታ ይዤ ሳልታጠብ ቆሎ መብላት። ጎረቤት ቤት ቡና ስጠጣ ስኒውን እንደገና አለማለቅለቅ። በሩን አንዴ ቆልፎ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ፣ አዌቱ ድልድይ ድረስ መሄድ።

እማዬንም አስጠሯት። መልስ አትስጪያት አሏት። ለእሷ ከእኔ ይልቅ ከበዳት። ልጇ እየተንቀጠቀጠች «ከሰሉ ጠፍቷል?» ስትላት ዝም ማለት ለእናት ቀላል አይደለም። ባለሙያው «መልስዎ ለሕመሙ እንጨት ነው፣ እሳቱን ያነደዋል» አላት። የምትለው ተሰጣት፤ «እኔም እንጃ ልጄ፣ እስቲ አብረን እንቆይ።» መጀመሪያ ሰሞን ይህን እያለች ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። እንዲህ የሚታመም ቤተሰብ ያላችሁ ይህን አስቡበት። ልጃችሁን በፍቅር ስታረጋጉ ሕመሙን እየመገባችሁ ሊሆን ይችላል። አትቆጧቸው፣ አታስገድዷቸውም። ከባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ነው የሚተወው።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረስኩት በሰባተኛው ወር ነው። ወንድሜ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ክርስትናዋ እስኪወጣ አልነካኋትም። ሥራ በዛብኝ እያልኩ እሸሻለሁ። የወንድሜ ሚስት ቅር ተሰኝታለች፣ ሕፃኗን የጠላሁ መስሏታል። ነገርኳት። ሁሉንም፣ የቤይሩቱንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሕፃኗን አንስታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻት።

ፎቅ ላይ ነው የተከራዩት። ከበረንዳው አሻግሮ የጅሬን ተራራ ይታያል፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት። ሕፃኗን ታቅፌ ወጣሁ። ሐሳቡ መጣ። ያው የድሮው። ወደ ውስጥ አልሮጥኩም። «አልጎዳትም» ብዬም ለራሴ አልማልኩም፣ መማል ራሱ መታጠብ ነውና። ሐሳቡን ተይው ይኑር እንደተባልኩት ተውኩት። እሷ እያዛጋች ነጠላዬን በጣቷ ያዘች። ዝናብ መጣል ጀመረ። የጅማ ዝናብ ሲጀምር አያስታውቅም። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አልቆጠርኩም።

አሁን መለኪያው 11 ላይ ነው። መድኃኒቱን ገና እወስዳለሁ። እንቅልፍ ሲጎድለኝ፣ ገንዘብ ሲያስጨንቀኝ ሕመሙ ብቅ ይላል። እንዴት እንደምቀበለው ግን አውቃለሁ።

በሰው አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ በመታጠብ፣ በመፈተሽ፣ በመቁጠር ወይም ሐሳብን በመመርመር የሚያልፍ ከሆነ፣ ሥራና እንቅልፍ የሚነጥቃችሁ ከሆነ፣ ጉብዝና ወይም ኃጢአት ነው ብላችሁ አትለፉት። መናገር ካቃታችሁ ጻፉትና ለሐኪም ስጡት። በስልክና በቪዲዮ በአማርኛ የሚያክሙ ባለሙያዎችም አሉ። እኔ ኦሲዲ የሚለውን ቃል ስድስት ዓመት ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ቢያንስ ራሴን አልጠላም ነበር።

ባለፈው እሁድ ከእማዬ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን እማዬ ክንዴን ያዘች። «ልጄ፣ በሩን ቆልፈነዋል?»

«እኔም እንጃ እማዬ» አልኳት። ባጃጁ መርካቶውን አልፎ ታጠፈ።