ስም የማይጠራበት ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ድረስ ገብቶ ነበር። ከሰሉ እርጥበት ስለ ጠጣ አልያያዝ ብሎኝ፣ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብዬ በካርቶን ቁራጭ ሳራግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ለትምህርት ካምፓላ ሳለሁ የሚናፍቀኝ ይኸው የደሴ ብርድ ነበር፤ ቤቴ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴን ስይዝ ደግሞ እዚያ በስስ ልብስ የምወጣባቸው ጠዋቶች ይናፍቁኛል። ይህን ጠባዬን የምታውቁት ስለሆነ አላብራራውም።

እማዬ ቤት አልነበረችም። ሌሊት የቅሬው፣ ማለትም የሰፈራችን ዕድር፣ ጥሩንባ ስለ ተነፋ ጎህ ሳይቀድ ጋቢዋን ተከናንባ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ጉልበቷን እያመማት መሆኑን አውቄ ዛሬ እንኳ እንድትቀር ብለምናት፣ «ባለፈው ቀርቼ 50 ብር ተቀጥቻለሁ፤ ዳኛው የጉልበቴን ነገር መዝገብ ላይ አያሰፍርልኝ» ብላኝ ወጣች። ረፋዱ ላይ ጫማዋ ጭቃ፣ ክንዷ ሊጥ ሆኖ ተመለሰችና ጀበናው እስኪፈላ ድረስ፣ እንደ ሁልጊዜው ስለ ካምፓላ ትጠይቀኝ ጀመር።

«እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ነበር የምትሠሪ?»

«የስደተኛ ልጆችን ንባብ አስጠናለሁ፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው።»

«ስም የሚጠራው ማን ነው?»

«ማንም አይጠራም።»

«የቀረ ሰውሳ ስንት ይቀጣል?»

«ምንም።»

«ኧረ! ታዲያ ማን ይመጣል?»

ይህን ያለችው ለነገር አይደለም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው። እኔ ግን ተከፋሁ፤ ከፍቶኝም በፈቃዱ የመጣ ሰው ቅጣት አያስፈልገውም የሚል፣ ስብሰባ ላይ የሚነገር ዓይነት መልስ ሰጠኋት። እሷም «አብሽሪ» ብላ ስኒውን አቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ወደዚያ ሥራ ያስገባኝ ምን እንደሆነ እውነቱን ልጻፍ፦ የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻው ላይ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል ባዶ ሳጥን ስለነበረ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. የእጅ ሙያ ማስተማሪያ ሆኖ የተከፈተው የምማርበት ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ላይ ነው፤ ልጆቹን የምናስጠናበት ካትዌ ደግሞ ብረት ሲቀጠቀጥ የሚውልበት ዝቅተኛ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከኮረብታው ወርጄ፣ መሀል ከተማ ያለውን የታክሲ መናኸሪያ ተሻግሬ፣ ቆሻሻ ገንዳው ላይ እንደ ሽማግሌ ቆመው የሚያዩኝን ካሎሊ የሚባሉ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች አልፌ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ወደሆነ አንድ አዳራሽ እገባለሁ። ዝናብ ሲጥል የምንጮኸው ማስተማር ስለሆነብን ሳይሆን ቆርቆሮው ስለሚያሸንፈን ነው።

ኡጋንዳ በአፍሪካ ብዙ ስደተኛ በማስጠለል ቀዳሚ ናት፤ ቁጥራቸውም ከ1.5 ሚሊዮን ይበልጣል። በመጠለያ ሰፈር የሚኖረው ጥቂት የእርሻ መሬት ሲሰጠው፣ ከተማ የገባው ግን ራሱን በራሱ እንዲችል ይጠበቅበታል። እኔ የማስጠናው ልጅ እናት ከኮንጎ የመጣች ናት፤ ራሷን የቻለችው ባለ ቀለም ጨርቅ በክንዷ ደርድራ ከመንገድ መንገድ እየዞረች በመሸጥ ነው። ልጁ የ9 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ቤት ስዋሂሊ፣ መንገድ ላይ ሉጋንዳ ይናገራል፤ ሁለቱንም ከእንግሊዝኛ ጋር የሚያደባልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚያስቸግሩት ሆዳቸው አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚዞረው ሁለቱ የላቲን ፊደላት ነበሩ። ሁለቱን እጆች ጨብጦ፣ አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ጭብጦቹን ቢያገጣጥማቸው አልጋ እንደሚሠሩ አሳየሁት፤ የግራው አውራ ጣት የአልጋው ራስጌ፣ የቀኙ ግርጌ ሲሆን፣ «አልጋ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በእነዚሁ ፊደላት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያነብ እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደብቆ አየሁት። የሚነካካው ነገር የያዘ መስሎኝ ጎንበስ ብል፣ ጓደኞቹ እንዳያዩበት ጉልበቱ ላይ አልጋውን እየሠራ ነበር።

ሰብሳቢያችን የነገረችኝ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ከእኔ በፊት ይህን ልጅ ያስተማሩ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ፈተና ደርሶበት፣ አንዷ አገሯ ገብታ፣ ሦስተኛው ምክንያቱን ሳይናገር ቀርተዋል። እያንዳንዳችንም ስንመጣ ልጁ የት እንደ ደረሰ ሳንጠይቅ ስሙን ጠይቀን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረናል። ለካስ እሱ መጀመሪያዎቹን ፊደላት አራት ጊዜ ተምሯል፤ የመጨረሻዎቹን ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ብሆን በፈተና ሰሞን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀርቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሰብሳቢያችን በስልክ ፈገግታ የያዘች ቢጫ ፊት ልካልኛለች። ያቺ ቢጫ ፊት 50 ብር ብትሆን ኖሮ አራተኛውን ቅዳሜ ቀደም ብዬ እገኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ይህችው ሰብሳቢያችን ሙጋንዳ፣ ማለትም የቡጋንዳ ሕዝብ ተወላጅ ናት። ድሮ በአገሯ ሁለት ሰዎች ወንድማማች ሊሆኑ ሲፈልጉ ከአንድ የቡና ፍሬ ውስጥ ያሉትን ሁለት እህሎች ተካፍለው፣ በደማቸው አስነክተው ይበሉ እንደነበር አጫውታኛለች። ያን የበላ ሰው የሌላውን ለቅሶ መቅረት፣ ልጁን መተው አይችልም። ለእማዬ ስነግራት የደሙን ነገር አስጠየፋትና ስለ ቡናው ብቻ ጠየቀችኝ፤ ያን ያህል ቡና የሚያመርት ሕዝብ ሻይ እየጠጣ ይውላል ብላትማ እስካሁን አላመነችኝም።

አንድ ነገር ግን አላሸነፈችኝም። ሁለተኛውን ስንጠጣ፣ ቅሬያችሁ የሚያውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ነው፤ ያ ልጅ እዚህ ሰፈር ቢመጣ ማን ነበር አለሁህ የሚለው ብዬ ያዝኳት።

«አገሩ ያልሆነ እንግዳ ቢሞት አንቀብርም ወይ?» አለች፣ ተቆጥታ።

«መቅበሩንማ ትቀብራላችሁ። እኔ ያልኩት ማስነበቡን ነው።»

ዝም አለች፤ እኔም በማሸነፌ ደስ ሳይለኝ ቀረ። ምክንያቱም በኪሴ ያለው ስልክ ላይ ከሰብሳቢያችን የመጣ ቅጽ አለ። ትምህርት በነሐሴ ሲከፈት ትመለሻለሽ ወይ የሚል ሲሆን፣ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ምናልባት» የሚሉ ሦስት መልሶች አሉት። ከመጣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የምጀምርበት ሴሚስተር ስለሆነ «ምናልባት» የምትለዋን ነክቼ፣ ሳልልከው ትቼዋለሁ። የቅሬው ዳኛ ስም ሲጠራ «ምናልባት» የሚል ሰው ቢገጥመው ምን እንደሚያደርገው ባየሁ!

ለልጁ ደግሞ ከመምጣቴ በፊት ቃል ገብቼለት ነበር። የቀሩትን ፊደላት በካርቶን ላይ ጽፌ፣ አንድ በአንድ ቆርጬ ላመጣለት፣ እሱም አልጋ መሥራቱን እንዳይረሳ። ጠንካራ ነጭ ካርቶን በመጀመሪያው ሳምንት ፒያሳ ወርጄ ገዝቼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያልጀመርኩት በዝናቡ፣ በመብራቱ መጥፋት፣ በእንግዳው ብዛት ምክንያት እንደሆነ ለራሴ ሳስረዳ ሰነበትኩ። ዛሬ ማታ፣ እማዬ ከተኛች በኋላ ልጀምር ብዬ ጎንበስ ብል ካርቶኑ የለም። ቀስቅሼ ብጠይቃት ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና ሳቀችብኝ፤ እዚያ ሥር አቧራ ሲጠጣ ስላየችው ማራገቢያ አድርጋዋለች፤ ጠዋት ያራገብኩበትም እሱው ነው።

በረንዳው ላይ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አገኘሁት። ሁለቱ ጠርዞቹ ተቃጥለዋል፣ ጥግ ላይ የእጄ ጥቁር አሻራ አለበት፤ መሀሉ ግን ደኅና ነው። ስንት ፊደል ይወጣው ይሆን?