ጎል ያገባ ሰው ወደ ማን ይሮጣል?

ዛሬ ሙቀቱ በረድ ሲል በድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ቆሜ ስመለከት፣ ከጨዋታው ይልቅ ዓይኔን የሳበው ጎል ከገባ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነበር። አንደኛው አስቆጥሮ እንደ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ዘሎ በአየር ላይ ዞረና ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ቆየት ብሎ ያገባው ሌላው ልጅ ደግሞ ሱጁድ ሲያደርግ፣ ኳሱን ያቀበለው ጓደኛው ከጎኑ ቆሞ አማተበ፤ ከዚያም ተቃቅፈው ወደ መሀል ተመለሱ። ለድሬዳዋ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ግን ጎል ያገባ ሰው ደስታውን ለማን እንደሚያካፍል እያሰብኩ ወደ ከዚራ ሰፈር አቀናሁ።

በቀድሞው የእንግሊዝ እግር ኳስ ያስቆጠረ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተጨባብጦ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ቴሌቪዥን የተጫዋቹን ፊት ወደየቤታችን ካስገባ ወዲህ ግን ደስታው ራሱ ከጎሉ እኩል የሚታወስ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያናዊው ማርኮ ታርዴሊ ምዕራብ ጀርመን ላይ ካስቆጠረ በኋላ፣ ጨብጦ የያዛቸውን እጆቹን እያወዛወዘ፣ እያለቀሰና እየጮኸ የሮጠው ሩጫ ከጎሉ ይልቅ በሰው ልብ ውስጥ ቀርቷል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የሮዤ ሚላ ነው። በ1990 የጣሊያን ዓለም ዋንጫ፣ በ38 ዓመቱ፣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ሩማኒያ ላይ ሁለት፣ ኮሎምቢያ ላይ ሁለት ጎሎች ያስቆጠረው ይህ ካሜሩናዊ፣ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ሮጦ ወገቡን እያወዛወዘ ጨፈረ። ዓለም የአፍሪካን ቡድን እንደ ተራ ተሳታፊ በሚያይበት ጊዜ፣ የአገሩን ውዝዋዜ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያለ አንዳች ማመንታት ማሳየቱ ዛሬም ያኮራኛል። ከ20 ዓመት በኋላ በጆሃንስበርግ ደቡብ አፍሪካዊው ሲፊዌ ቻባላላ በዓለም ዋንጫ ሜክሲኮ ላይ አስቆጥሮ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ሲጨፍር፣ መንገዱን ሚላ እንደጠረገለት አልተጠራጠርኩም።

በ1994 ብራዚላዊው ቤቤቶ ገና ለተወለደው ልጁ እጆቹን እንደ ሕፃን አልጋ እያወዛወዘ ሲደሰት ማዚኞና ሮማሪዮ አብረውት አወዛወዙ፤ ልጁ የሦስቱም የሆነ ያህል ነበር። ስፔናዊው አንድሬስ ኢንዬስታ በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ116ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ ማሊያውን ሲያወልቅ፣ ከሥር የሟች ጓደኛው የዳኒ ሃርኬ ስም ተጽፎ ነበር። ማሊያ ያወለቀ ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል የሚለው ሕግ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ሙታንን ያስታወሰ ሰው በዚያ ሲቀጣ ማየት ግን አሁንም ይከብደኛል።

ደስታን መከልከልም ራሱ መልእክት አለው። ዴኒስ ሎው በ1974 ለማንችስተር ሲቲ ተሰልፎ በቀድሞ ክለቡ በማንችስተር ዩናይትድ ላይ በተረከዙ ሲያስቆጥር ፊቱ ላይ ሐዘን እንጂ ደስታ አልታየም። ለቀድሞ ወዳጆቹ ያሳየው ይህ ክብር ከብዙ ጭፈራ ይበልጥብኛል።

የእኛም አለን። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ በዐሥር ተጫዋች ቀርተን ሳለ አዳነ ግርማ ሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ሲያስቆጥር፣ ከዚራ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አቅፈውኛል።

ደግሞም ከተማችን በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳለች፤ ኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ነው። ጎል ያገቡት ወደ የትኛው ጥግ እንደሮጡ፣ ተመልካቹስ እንዴት እንደተቀበላቸው በዓይናቸው ያዩ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ሳይረፍድ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል። እኔም በዚህ ሳምንት ከሰፈራችን ሽማግሌዎች እጀምራለሁ።