ዓይናችን የማን ሳህን ላይ ነው?

ከሁዳዴ ሳምንታት አራተኛው፣ መጻጉዕ ላይ ደርሰናል። ዘወረደ፣ ቅድስትና ምኩራብ አለፉ። ሁዳዴ እዚህ ሲደርስ ሰውነት መዛል ይጀምራል፣ እኔ ግን ከጾሙ ሳምንታት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ቤተ ሳይዳ መጠመቂያው ዳር 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል፤ መጻጉዕ የምንለው እሱን ነው። ጌታ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው፤ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ሰዎች አገኙት። የዚያን ሁሉ ዘመን በሽተኛ በእግሩ ሲሄድ እያዩ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ ማለት ሲገባቸው፣ ሰንበት ነውና አልጋ መሸከም አልተፈቀደልህም አሉት። የዳነውን ሰው አላዩትም። አልጋውን ነው ያዩት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ በጾም መካከል ማስነበቧ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በጣም በምንጠነቀቅበት ሰሞን፣ ጥንቃቄ የት ድረስ ሊያሳውር እንደሚችል ታሳየናለች።

ጎጃም ያደገ ሰው የምለው ይገባዋል። እኛ ዘንድ በጾም አይቀለድም። ገበሬው በሬ ጠምዶ ውሎ እንኳ ሰዓቱ ሳይደርስ እህል አይቀምስም። ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ረቡዕና ዓርብን ለይቶ ያውቃል። ሽሮው፣ ተልባው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ሁሉም ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። ይህን ከልቤ እወደዋለሁ። «ዋናው ልብ ነው፣ ጾሙ ይቅር» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ከተማ ላይ በዝተዋልም፣ ከእነሱ ጋር ግን አልስማማም። ልቤን ብቻ ይዤ ሆዴን ልተወው ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ልቡንም አያገኘውም። ጌታ ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከከሙን አሥራት ስላወጡ አልገሠጻቸውም፤ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለተዉ ነው። «ይህን ልታደርጉ ያንም ሳትተዉ ይገባችኋል» ነው ያላቸው። ሁለቱንም ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው? እኔ እንደማየው፣ የሚቆጠረው የማይቆጠረውን ሲውጠው ነው። ሰዓት ይቆጠራል። ስግደት ይቆጠራል። የተደገመ ዳዊት ይቆጠራል። በድንበር የተጣላነውን ጎረቤት ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ግን በምን ይቆጠራል? ስለዚህ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ጾመን፣ ማታ ራት ላይ የሰው ስም እያነሣን እንበላለን። ቅዱስ ያሬድ ዓይንም ይጹም፣ አንደበትም ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። በየዓመቱ እንሰማዋለን። ሰምተን ስንወጣ ደግሞ ቅጥሩ በር ላይ ቆመን እገሌ ዘንድሮ አልጾመም እንላለን።

ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ዋሸ አይባልም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። አሥራትም ያወጣል። ክፋቱ ጸሎት ላይ ቆሞ ዓይኑ ቀራጩ ላይ መሆኑ ነው።

ባሕር ዳር የኖረ ሰው የዓሣውን ክርክር ያውቃል። ጣና ዳር ጾም ሲገባ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ነገር ጓደኛን ከጓደኛ ያኳርፋል። እኔ በሁዳዴ ዓሣ አልበላም፣ አባቶቼ እንደዚያ ስላስተማሩኝ፣ ደግሞም ትክክል ነው ብዬ ስለማምን። ግን የሚበላውን ሰው ስሙን ማጥፋት ከዓሣው የባሰ ነው። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 14 ላይ የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ ይላል። ንቀቱም ፍርዱም ለሁለቱም ተከለከለ። እኛ የምንይዘው ለእኛ የሚመቸንን ግማሽ ነው።

ጽጌን እዩ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም የፈቃድ የሆነውን ነገር ያልጾመውን ሰው ዝቅ አድርገን የምናይበት ሚዛን ስናደርገው ታያላችሁ። በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ እንዲህ ወደ ግብርነት ይለወጣል።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። የምትኖረው ወደ ቢቸና አካባቢ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪሙ ኪኒኑን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂ ብሏት ነበር። አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ምግቡን ትታ ኪኒኑን ብቻ መዋጥ ጀመረች፤ ከዚያ ደግሞ ኪኒኑንም ተወችው። «በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት በልቼ ጌታዬን አላስቀይምም» ትል ነበር። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ወደቀች። ጎረቤቶቿ ተሸክመው አመጧት፣ ያንን አልረሳላቸውም። የንስሐ አባቷ ወሬውን ሲሰሙ ቤት ድረስ መጡና አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ትበያለሽ፣ ትእዛዜ ነው» አሏት። ጾሙን ግን አላፈረሱባትም። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እንደ ሁሉም ሰው ትተዋለች። ሰዓቱ ተነሣላት፣ ስግደቱም ቀረላት። በምትኩ ካላት እንጀራ ላይ በየቀኑ እየቆረሰች ለቆሎ ተማሪ እንድትሰጥ፣ ከዚያ ደግሞ ከኩርፊያ ብዛት ከማታናግራት የባሏ እህት ጋር እንድትታረቅ አዘዟት።

አለቀሰች። መብላቱ ከመጾሙ ከበዳት። ምክንያቱ ገጠር ያላችሁ ይገባችኋል፦ ጠዋት ከቤቷ ጭስ ይወጣል። በሁዳዴ ጠዋት ጭስ ከወጣ መንደሩ ሁሉ ያያል። ያው የተሸከሟት ሴቶች «ምነው ደህና ነሽ?» እያሉ በነገር ይነኳት ጀመር፣ ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ ሥርዓት ያፈረሰች መስሏቸው ነው። አክስቴ ሐፍረቱን ችላ በላች። እኔ ከአክስቴ ዕድሜ ሙሉ ጾም ውስጥ ትልቁ ያኛው ይመስለኛል። በዚያ ጾም ክብር አላገኘችበትማ። ከባሏ እህት ጋር መታረቁ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነበር፤ እስከ ሰባተኛው ሳምንት፣ እስከ ኒቆዲሞስ ፈጅቷል።

ሥርዓቱ ራሱ እኛ ከምናስበው በላይ ርኅሩኅ ነው። ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለነፍሰ ጡር ሁሉ የንስሐ አባት እንደ አቅማቸው ያስተካክላል። እሑድ አይሰገድም። የቆረበ ሰው በቆረበበት ቀን አይሰግድም። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። በእነዚያ ቀኖች ካልሰገድኩ፣ ካልጾምኩ ቅር ይለኛል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ማድከም አልፈልግም፣ ትጋቱ ያስቀናል። ግን ቤተ ክርስቲያን ደስ ይበላችሁ ስትል እሺ ማለትም መታዘዝ ነው። የንስሐ አባቴ ሥርዓት አጥር ነው ይላሉ፤ አጥር የሚታጠረው ለሰብሉ ነው፣ አጥሩን ብቻ ሲያድስ ኖሮ ሰብሉን አረም ያስበላ ገበሬ በመኸር የሚያጭደው የለውም።

ሌላው የተውነው ግማሽ ምጽዋቱ ነው። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል፦ የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ድኻ ቤት ማስገባት። ያልበላነው ምሳ የት ሄደ? እኔ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ምሳውን ወደ ማታ አዛውረን፣ በያይነቱን አሳምረን፣ ከፍስኩ የበለጠ ድግስ ካደረግነው፣ ጾሙ የሰዓት ለውጥ ብቻ ሆነ። ጎጃም ደግሞ ለዚህ ሰበብ የለውም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶችን ያፈራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ የሚለምንበትን አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጃችን ድረስ ይመጣል። የተራበን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለወጣቶች። ጾሙን አንድ ቀን ስትፈቱት፣ ጸሎታችሁን ሳታደርሱ ስትተኙ፣ «ከተበላሸ አይቀር» ብላችሁ ሙሉውን አትጣሉት። ሕጉ ብቻ የቀረው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ወይ ፍጹም ነኝ ይላል ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ መሃል የለውም። ወደፊት በስድስተኛው ሳምንት፣ ገብርኄር ላይ የማቴዎስ 25ን መክሊት እንሰማለን። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ምን አለ? ጨካኝ ሰው እንደሆንህ ስላወቅሁ ፈራሁ ነው ያለው። ሁሉ ነገር የተበላሸው ጌታውን ጨካኝ ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ስንጾም የምናስበው አምላክ የቱ ነው? ስህተታችንን ለመያዝ የሚጠብቀን ነው ወይስ መጻጉዕን 38 ዓመት ከተኛበት ፈልጎ ያገኘው? መልሳችሁ ጾማችሁን ይለውጠዋል። በፍርሃት የሚጾም ሰው ሌላውን ያስፈራራል፤ ይህን በቤት ውስጥም አይቻለሁ፣ ልጆቹን እያስጨነቀ የሚያስጾም አባት ልጆቹ ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚጥሉት ጾሙን ነው። እባካችሁ ልጆችን በፍልሰታ እንደለመድነው በደስታ አስጀምሯቸው፣ ቆርበው ሲመለሱ ተደስታችሁ ተቀበሏቸው።

የንስሐ አባት የሌላችሁ ካላችሁ ወይም ኖሯችሁ በዓመት አንዴ ብቻ የምታገኟቸው ከሆነ፣ ዘንድሮ ከሆሳዕና በፊት ሂዱ። በሰሙነ ሕማማት የንስሐ ፍትሐት አይሰጥም፣ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ሰው ይበዛባቸዋል፣ ስለዚህ አሁን በአዘቦት ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ስንት ልስገድ ብላችሁ ብቻ አትጠይቋቸው። ሥራችሁን፣ ሕመማችሁን፣ የምታጠቡት ልጅ ካለ፣ የተጣላችሁት ሰው ካለ፣ ሁሉንም ንገሯቸው። የሚሰጧችሁን ትንሽም ቢሆን ተቀበሉ፣ ለሰውም አታውሩት።