ሳይቀመስ የሚሠራው ጣፋጭ

ሞዳክ በሩዝ ሊጥ ውስጥ ኮኮናት ተሞልቶ በእንፋሎት የሚበስል የህንድ ጣፋጭ ነው። ሲሠራ መቅመስ የለም። መጀመሪያ የሚቀርበው ለጋኔሽ ነው፣ የዝሆን ራስ ላለው፣ እንቅፋት ያነሳል ተብሎ ለሚታመነው የሂንዱ አምላክ። ከምግብ ሁሉ ሞዳክ ይወዳል ስለሚባል ጋኔሽ ቻቱርቲ በሚባለው በዓሉ ቀን 21 ሞዳክ ይቀርብለታል። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ማማሰያውን ከላሰ ያ ድስት ለመባ አይሆንም።

ይህን ያየሁት ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ነው። ያከራዩኝ ትልቅ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራቸው እኔም ካኩ እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። በፈረንጆቹ 2021 በዓሉ ሴፕቴምበር 10 ላይ ዋለ። በእኛ ጳጉሜ 5፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። «በበዓል ቀን ብቻሽን ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጠሽማ አይሆንም» ብለው ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ።

ፑኔ ለዚህ በዓል ትልቅ ከተማ ናት። የነጻነት ታጋዩ ሎክማኒያ ቲላክ በፈረንጆቹ ከ1893 ጀምሮ በዓሉን ከየቤቱ ወደ አደባባይ ያወጣው በዚህች ከተማ ነው፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረውን ሕዝብ አንድ ላይ ለማሰባሰብ። ዝነኛው የከተማዋ የጋኔሽ ቤተ መቅደስም የሚጠራው ዳግዱሼት በተባለ ጣፋጭ ሠሪ ስም ነው። በዚያ ዓመት ግን ኮሮና ስለነበር ሰልፉ ተከልክሏል። ድምቀቱ ሁሉ ወደ ቤት ገባ።

እኔ ወጥ ስሠራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ካልቀመስኩ እጄን አላምነውም። ካኩ «አትቅመሺ» ሲሉኝ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። ለፋሲካ ዶሮ የምትሠራው አክፍላ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ድስቱ ሲንተከተክ አንዴም ምላሷ ላይ አታሳርፍም። ሽታውን ትስባለች፣ ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ ታያለች፣ ጨዉን በጣቷ መጥና ትበትናለች። ከጠፋት ልጅ ጠርታ ታስቀምሳለች። ካኩ ቤት ልጅም አይቀምስም። ታዲያ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው መልስ ገበያ ላይ ነው። የሞዳክ ጣፋጭነት የሚመጣው ከጉል ነው፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ሲረጋ የሚወጣው ቡናማ ስኳር። ካኩ ከኮልሃፑር ከተማ የሚመጣውን ይመርጣሉ። አንዳንዱ ጉል ጨው ጨው ይላል፣ እሱ ከገባ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ቁራጭ ይቀመሳል። ኮኮናቱም ተነቅንቆ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ቅምሻው እዚያው አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በዓይን፣ በአፍንጫና በእጅ ነው።

ለውስጡ ሁለት ኩባያ ተፈቅፍቆ ለተዘጋጀ እርጥብ ኮኮናት አንድ ኩባያ የተሰባበረ ጉል በቂ ነው። በለስላሳ እሳት አብረው ይጣዳሉ። ጉሉ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፣ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ አረፋው ይጠፋል። ማማሰያው ሲያልፍበት የድስቱ ወለል ከታየና ሁሉም ተሰብስቦ አብሮ ከዞረ ወዲያው ይወርዳል። ገና እርጥብ ይመስላል፣ ግን ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እሳት ላይ ደረቅ እስኪል የቆየ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከረሜላ ይሆናል። ሄልና ገውዝ የሚነሰነሱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ሽታቸው በእንፋሎት ይሄዳል።

ከባዱ ልብሱ ነው፣ ውስጡን የሚሸፍነው የሩዝ ሊጥ። ፑኔ አካባቢ አምቤሞሃር የሚባል ሽታው ደስ የሚል ሩዝ አለ። ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ልሞ ይፈጫል። አንድ ኩባያ ውሃ ከትንሽ ጨውና ከአንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጋር ይፈላል፣ አንድ ኩባያ ዱቄት ይጨመርበታል። እስከዚህ ድረስ እንደ ገንፎ ነው፣ እጄ ያውቀዋል። ከዚያ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ በራሱ እንፋሎት ይበስላል፣ ትኩስ እንዳለም ይታሻል። ቀዝቅዞ ከታሸ ይሰነጠቃል። ካኩ መጀመሪያ በስኒ ቂጥ ይጫኑታል፣ እጅ መቻል ሲጀምር መዳፋቸውን በውሃና በዘይት እየነከሩ ያሹታል። መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ድቡልቡል በመዳፍ መሃል ጠፍጠፍ ይደረጋል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውሃና ማሸት ይፈልጋል። ለስልሶ ከተዘረጋ ደርሷል። እኔ ከዚህ ፈተና የበለጠ የማምነው የለም።

ከዚያ ሊጡ በጣት እየተጫነ ጎድጓዳ ይሆናል፤ መሃሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ያለ። ውስጡ ይሞላል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ቆንጠጥ ቆንጠጥ እየተደረገ ይታጠፋል፣ እጥፋቶቹ ወደ ላይ ተሰብስበው ጫፋቸው ይሾላል። ካኩ እያወሩ፣ ሳያዩ ይሠሩታል። እጥፋቶቹ የተጠጋጉና ብዙ ሲሆኑ ነው ሙያ የሚባለው። ለጀማሪ የምመክረው ጥቂት እጥፋት ነው። ሳይፈስ የተዘጋ ሞዳክ፣ አምሮ ውስጡ ከሚያፈስ ይሻላል።

ወደ እንፋሎቱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ በውሃ ነከር ይደረጋል፣ እንዳይሰነጠቅ። ከሥሩ የሙዝ ወይም የእርድ ቅጠል ይነጠፋል። በክረምት የእርድ ቅጠል እንደ ልብ ስለሚገኝ ካኩ እሱን ይመርጣሉ፣ ቤቱንም በመዓዛው ይሞላዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ልብሱ ሲያብረቀርቅና እርጥብ ጣት ሲነካው ሳይጣበቅ በስሏል።

ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ጾም። ካኩ ይህን ሲሰሙ አልተገረሙም፤ ራሳቸውም የጾም ቀን አላቸው። ከሊጡም ከውስጡም ለእኔ ለብቻ በዘይት ሠሩልኝ፣ ከመባውም ለይተው አስቀመጡልኝ። እምነቴን ሳልነግራቸው የተረዱልኝ ያህል ተሰማኝ። እነሱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ አብረን በላን፤ እነሱ ጫፉን ከፍተው ቅቤ አፍስሰውበት፣ እኔ እንዲሁ። ማንም ሳይቀምሰው የተሠራው ውስጥ ጣዕሙ ልክ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ሆኜ ለጾም እሠራዋለሁ። ጉል ካጣሁ ቡናማ ስኳር አስገባለሁ፤ ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ይሆናል። ደረቅ ኮኮናት ብቻ ካለ በሙቅ ውሃ አርሼ ነው የምጠቀመው። ዱቄቱ ግን አዲስ የተፈጨ ይሁን፣ የቆየ ከሆነ ጠርዙ እምቢ ይላል። የምትሠሩትም ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ፍሪጅ ያደረ ሞዳክ ልብሱ ይደርቃል፣ እሱን ለመመለስ እንደገና እንፋሎት ላይ ማቆየት ነው።